የቤት ሥራው የማን ነው?

ሰሞኑን በ4ኛ ክፍል እንግሊዝኛ 10 ከ10 አግኝቻለሁ።

ቀልድ አይደለም። ጥሊሊ እህቴ ቤት አድሬ ነበር። ማምሻውን መብራት የለም። የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሳ፣ ውኃ ቀድታ፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ስታባብል ቆይታ፣ ራት ከተበላ በኋላ ደብተሮቿን ይዛ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ሦስት የቤት ሥራ አላት። ሒሳብ ስምንት የክፍልፋይ ጥያቄ፣ እንግሊዝኛ አሥር ዓረፍተ ነገር ወደ ኃላፊ ጊዜ መለወጥ፣ አካባቢ ሳይንስ ደግሞ የምግብ ዓይነቶችን ሥሎ ስማቸውን መጻፍ። እናቷ ስልኳን አብርታ ትይዝላታለች። ከዚያ በላይ ልትረዳት አትችልም፤ ፊደል አልቆጠረችም።

ልጅቷ እንግሊዝኛው ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞር ብላ «አጎቴ፣ ይቺ ምን ማለት ናት?» አለችኝ። አስረዳኋት። ሁለተኛውን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። አራተኛው ላይ ዓይኗ መከደን ጀመረ። የስልኩ ቻርጅም 9 በመቶ ላይ ደርሷል። ከዚያ በኋላ እኔ እየነገርኳት እሷ ጻፈች። የመጨረሻዎቹን አራቱን፣ እውነቱን ልናገር፣ የእጅ ጽሕፈቷን ለመምሰል እየሞከርኩ እኔው ጻፍኳቸው።

በማግስቱ ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «10/10፣ በጣም ጥሩ» ተጽፎበት መጣ። እኔ ዲግሪ ያለኝ፣ ከሠላሳ ዓመት ያለፍኩ ሰው ነኝ። መምህሯ ያረሙት የእኔን እንግሊዝኛ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ ከእህቴ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ናት። እነሱ ቤት ያን ዕለት የተማረ እንግዳ አላደረም። የቻለችውን ያህል ሞክራ ሳትጨርስ ተኛች። ጠዋት የቤት ሥራ ያልጨረሱ ተማሪዎች ከክፍል እንዲወጡ ተደረገ፤ እሷም ወጣች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛ ነበር። እንግሊዝኛ ያልገባት ልጅ፣ እንግሊዝኛ ስላልገባት፣ ከእንግሊዝኛ ክፍል ተባረረች ማለት ነው።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። መምህሯንም ለመክሰስ አልተነሣሁም። ይህ በአንድ ትምህርት ቤት የሚደረግ ነገር ቢሆን ኖሮ ሄጄ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሬ ዝም እል ነበር። ግን በየቦታው ያለ ነገር ነው፤ ስለዚህ በአደባባይ እንነጋገርበት።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉ ልጆች የጽሑፍ የቤት ሥራ መስጠት ይቁም። ከዚያ በላይ ላሉት ደግሞ መምህሩ ሊያርመው የማይችለው የቤት ሥራ አይሰጥ። በየትኛውም ክፍል ቢሆን ቤት ተሠርቶ የሚመጣ ነገር ማርክ አይያዝበት፣ ልጅም አይቀጣበት። ለምን እንደዚህ እንደምል ልዘርዝር።

*ሁለት ዓይነት የቤት ሥራ*

በገጠሩና በትንንሽ ከተሞቻችን «የቤት ሥራ» ሁለት ነው። አንደኛው በደብተር ተጽፎ ከትምህርት ቤት የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ቤት ቁጭ ብሎ ልጁን የሚጠብቀው ነው፤ ውኃ፣ እንጨት፣ ከብት፣ ሕፃን መያዝ፣ ድንች የሚቆፈርበት ወቅት ከሆነ ደግሞ ከእናት ኋላ ኋላ እየተከተሉ ድንች መልቀም። ወንዱ ከብቱን ካስገባ በኋላ አረፍ ሊል ይችላል። ሴቷ ግን እናቷ እስክትተኛ ድረስ ሥራ ላይ ናት።

ብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የሚያስተምሩት በፈረቃ ነው። ልጁ ግማሽ ቀን ይማራል፣ ግማሽ ቀን ቤት ነው። ቤተሰቡ ያቺን ግማሽ ቀን «ለእኛ ሥራ የምትሆን ናት» ብሎ ይቆጥራታል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ያቺኑ ግማሽ ቀን «የቤት ሥራ የሚሠራባት ናት» ብሎ ይቆጥራታል። አንዲት ግማሽ ቀን ለሁለት ጌታ ተሰጠች። በመጨረሻ የሚያሸንፈው ቤተሰቡ ነው፤ የከብት ጉዳይ ነገ አይባልም። ለደብተሩ የሚተርፈው ሌሊቱ ነው፤ ሌሊቱ ደግሞ በእኛ ደጋ ጨለማም ነው፣ ብርድም ነው።

ወላጅ ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። እንጨት የለቀመው ልጅ እጅ ከሌለ ያን ዕለት እሳት የማይነድበት ቤት አለ። ይህን የማያውቅ መምህር የለም፤ አብዛኞቹ መምህራን የወጡት ከዚያው ቤት ነው።

*የሚለካው ቤቱ ነው*

የእህቴ ልጅና የጎረቤቷ ልጅ በአእምሮ አይበላለጡም። ምናልባት የጎረቤቷ ልጅ ትሻል ይሆናል፤ ቢያንስ እሷ ራሷ ሞክራለች። ልዩነታቸው አንደኛዋ ቤት ያን ማታ እኔ መኖሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ «10/10» ምን ለካ? አጎት ያላትንና የሌላትን ለየ።

ትምህርት ቤት ለድሃ ልጅ ያለው ትልቁ ጥቅም፣ በሩን ካለፈ በኋላ ከነጋዴውም ከመምህሩም ልጅ ጋር አንድ ሰሌዳ ፊት መቀመጡ ነው። የቤት ሥራ ይህን እኩልነት ማታ ማታ ያፈርሰዋል። እዚያ ጋ ፊደል የቆጠረ አባት፣ መብራት፣ ጠረጴዛ፣ መጽሐፍ አለ። እዚህ ጋ የለም። ጠዋት ሁለቱ ደብተሮች ጎን ለጎን ይቀመጡና ማርክ ይሰጣቸዋል። «ተከታታይ ምዘና» ስለምንል ያ ማርክ ተደምሮ ካርድ ላይ ይወጣል። ልጅቷ በካርዷ ደረጃዋን ታያለች። «እኔ ሰነፍ ነኝ» ትላለች። ሰነፍ መሆኗን የነገራት የተወለደችበት ቤት ነው።

የቋንቋው ጉዳይ አለ። በአዊ ዞን በታችኛው ክፍሎች በአዊኛ የሚማሩ ልጆች አሉ፤ አማርኛን እንደ ትምህርት፣ እንግሊዝኛን እንደ ሦስተኛ ቋንቋ ይጨምራሉ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማራቸው ትክክል ነው፣ እደግፈዋለሁ። ግን እንግሊዝኛውን ቤት ውሰጂ የተባለችው ልጅ ማንን ትጠይቅ? አያቷን? የቤት ሥራ ማለት ክፍል ውስጥ የተያዘን ነገር ማጠናከር ነበር። ክፍል ውስጥ ያልተያዘውን ቤት አምጪ ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ደግሞም አንርሳ፤ በዓለም ባንክ ግምት ኢትዮጵያ ውስጥ 10 ዓመት ከሞላቸው ልጆች ወደ 90 በመቶ የሚጠጉት ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። ጥያቄውን አንብቦ ሊረዳ ለማይችል ልጅ ጥያቄ ጽፎ ወደ ቤት መላክ ምን የሚሉት ትምህርት ነው?

*«ይሄ የገጠር ችግር ነው» እንዳትሉ*

አዲስ አበባ ያላችሁ የዚህ ቻናል ተከታታዮች፣ የእናንተም ቤት አልቀረለትም። የግል ትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ማታ 2 ሰዓት ላይ ዎርክ ሺት ይለጥፋል። እናት ከሥራ ወጥታ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ ቤት ስትገባ ቀድሞ የሚጠብቃት እሱ ነው። ፕሪንት ይደረግ፣ ካርቶን ይገዛ፣ «ፕሮጀክት» ይሠራ። የ2ኛ ክፍል ልጅ የሠራው እየተባለ የሚቀርበውን የካርቶን ቤት የሠራው አባት መሆኑን መምህሯም ታውቃለች፣ ልጁም ያውቃል። አቅም ያለው ቤት አስጠኚ ይቀጥራል። የሌለው ከልጁ ጋር ይጨቃጨቃል። ቀኑን ሙሉ ያልተያየ ቤተሰብ ማታ ያለችውን ሁለት ሰዓት በጩኸትና በእንባ ይጨርሳታል።

2012ን አስታውሱ። በመጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በአገር ደረጃ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ዋሉ። ትምህርቱ በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በቴሌግራም ይቀጥላል ተባለ። ለማን ቀጠለ? ስልክና ቴሌቪዥን ላለው። ያኔ ለወራት ያየነው፣ ትምህርትን ሙሉ በሙሉ ወደ ቤት ስንልከው ምን እንደሚሆን ነው። በየማታው የምንሰጠው የቤት ሥራ የዚያው ነገር ትንሹ መጠን ነው።

*«እኛስ በኩራዝ ተምረን አይደለም ወይ?»*

ይህ የሚመጣ ክርክር ነው፤ በውስጥ መስመር ከመላካችሁ በፊት ልመልስ።

አዎ፣ እኔም በኩራዝ ተምሬያለሁ። ግን ታላቅ ወንድሜ ከእኔ አራት ክፍል ቀድሞ ነበር፤ ያልገባኝን እሱ ያሳየኝ ነበር። ከእኔ ጋር 1ኛ ክፍል የገቡትን ልጆች ስቆጥራቸው 12ኛ ክፍል የደረስነው ጥቂት ነን። የቀሩት የት ናቸው? አንዳንዶቹ ከሰል ያከስላሉ፣ አንዳንዶቹ ጋሪ ይነዳሉ፣ ሴቶቹ አብዛኞቹ በልጅነታቸው ተዳሩ። «በኩራዝ ተምረን ሰው ሆነናል» የምንለው ያለፍነው ነን። ያላለፉት ይህን ጽሑፍ አያነቡትም፤ «እኔ ያቆምኩት የቤት ሥራ ሳልሠራ እየቀረሁ ሲያስወጡኝ አፍሬ ነው» የሚል አስተያየትም አይጽፉም።

ሁለተኛው ክርክር «የትምህርት ጥራቱ እንዲህ ወድቆ ጭራሽ የቤት ሥራ ይቅር ትላለህ?» የሚለው ነው። ቁጥሮቹን አውቃቸዋለሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። አሳፋሪ ነው። ግን እነዚያ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የቤት ሥራ ሲሰጣቸው የኖሩ ናቸው። የቤት ሥራ ጣላቸው አላልኩም። አላዳናቸውም ነው የምለው። መሠረቱ ክፍል ውስጥ ካልተጣለ በላዩ ላይ የቤት ሥራ መቆለል ግድግዳ ለሌለው ቤት ቆርቆሮ መግዛት ነው።

ጥናቱስ? የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሃሪስ ኩፐር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በአገሩ ከ1987 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ በ2006 አሳትሟል። የቤት ሥራና ውጤት ያላቸው ግንኙነት ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉት ላይ ጠንከር ያለ ሲሆን በታችኛው ክፍሎች ግን ደካማ ነው። ኩፐር የቤት ሥራ ጠላት አይደለም፤ ይልቁንም በልኩ ከተሰጠ ደጋፊ ነው። ኦኢሲዲ የተባለው የበለጸጉ አገሮች ድርጅትም በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትንታኔ የተሻለ ኑሮ ያላቸው ተማሪዎች ከድሃዎቹ ይልቅ በቤት ሥራ ላይ ብዙ ሰዓት እንደሚያጠፉና ይህም ልዩነቱን ሊያሰፋው እንደሚችል አሳይቷል። ይህ እንግዲህ መብራት በማይጠፋበት አገር ነው።

ፈረንሳይ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የጽሑፍ የቤት ሥራ እንዳይሰጥ ያዘዘችው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ፖላንድ በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል አስቀርታ፣ ከዚያ በላይ እስከ 8ኛ ያለውን በፈቃደኝነትና ያለ ማርክ አድርጋዋለች። ቻይና በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ለ1ኛና 2ኛ ክፍል የጽሑፍ የቤት ሥራ ከልክላለች፣ ከ3ኛ እስከ 6ኛ ደግሞ ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ወስናለች። እነዚህ አገሮች በትምህርት የሚቀልዱ አይደሉም። በእርግጥ መከልከል ብቻውን አይበቃም፤ ፈረንሳይ ውስጥ ሕጉ እያለ የቤት ሥራ የሚሰጥ መምህር ሞልቷል። ለዚህ ነው ክልከላ ብቻ ሳይሆን ምትክ የምጠይቀው።

*መምህሩም ታስሯል*

መምህሩን ከወቀስን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሆንብናል። አንድ መምህር ስልሳና ሰባ ተማሪ ፊት ይቆማል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ መጽሐፍ አልተዳረሰም፤ ስለዚህ የክፍለ ጊዜው ግማሽ ከሰሌዳ በመገልበጥ ያልቃል። ያልተሸፈነው ወደ ቤት ይላካል። በትምህርት ዕቅዱ ላይም የቤት ሥራ መስጠቱን መጻፍ አለበት፤ ይጽፋል። ሊያርመው ይችላል ወይ? ሰባ ደብተር፣ በቀን ሦስት አራት ክፍል፣ ወር በማይዘልቅ ደመወዝ? አይችልም። ስለዚህ በደብተሮቹ መሐል እየተራመደ ቀይ ምልክት ያደርጋል። ልጁ የተሳሳተውም ያልተሳሳተውም ያው ቀይ ምልክት አለው።

በክልላችን ደግሞ ሌላ ሸክም ተጨምሯል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ትምህርት ተቋረጠ፤ በ2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደነበሩ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ተናግሯል። ትምህርት የተጀመረበት ቦታ ሁሉ «ማካካሻ» የሚል ጥድፊያ አለ። የባከነው ጊዜ የሚካካሰው ደግሞ በልጁ ማታ ነው። ትልልቆቹ ያባከኑትን ዓመት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በስልክ መብራት ትክፈለው? ከብዙ ጊዜ በኋላ የተመለሰ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት የቤት ሥራ አልሠራህም ተብሎ ከክፍል ከወጣ፣ ሁለተኛ ላይመለስ ይችላል። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

*ቅኔ ቤቱን እንይ*

ፈረንጅ ፈረንጅ አልክ እንዳትሉኝ፣ ወደ ራሳችን ልምጣ። ዋሸራና ጎንጅ የሚገኙበት ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው ቀን ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል። ይህ ከባድ የቤት ሥራ ነው ልትሉት ትችላላችሁ። ግን ምን ያደርጋል? የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ይነግራል። መምህሩ ይሰማዋል፣ ያቃናለታል፣ የጎደለውን ያሳየዋል። ነገራ የሌለው ቆጠራ የለም። አንድ ተማሪ የቆጠረውን ሌላ ሰው ቆጥሮለት ቢመጣ እዚያው ይያዛል፤ ምክንያቱም መምህሩ ይጠይቀዋል።

እኛ ከዚህ ባህል ቆጠራውን ወስደን ነገራውን ጣልነው። ልጁን ለብቻው አስቀመጥነው፤ ሲመለስ ግን የሚሰማው የለም። ዘመናዊ ነን ብለን ቅኔ ቤቱ ከሚያደርገው ግማሹን እንኳ አላደረግንም።

*ታዲያ ምን ይደረግ?*

1ኛ፦ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የጽሑፍ የቤት ሥራ ይቅር። ወደ ቤት የሚላክ ነገር ካስፈለገ ንባብ ይሁን፤ ወይም «አያትሽ አንድ ተረት ይንገሩሽ፣ ነገ ለክፍሉ ትነግሪያለሽ» ይሁን። ፊደል ያልቆጠረች አያት በዚህ የቤት ሥራ ላይ ከማንም በላይ አዋቂ ናት። በአዊኛም በአማርኛም ይሠራል፤ መብራትም አይፈልግም።

2ኛ፦ የጥናት ሰዓት ትምህርት ቤት ውስጥ ይሁን። ከፈረቃው መጨረሻ ላይ 40 ደቂቃ ትበቃለች። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን ያስጠኑ፤ እነሱም ያስተማሩትን አይረሱትም። ተመርቀው ሥራ ያጡ ወጣቶች በየከተማው ሞልተዋል፤ የክረምት በጎ ፈቃድ ትምህርት ከለመድን በበጋውም ማስለመድ አያቅትም። እዚሁ አጠገባችን የኢንጅባራ መምህራን ትምህርት ኮሌጅና የኢንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አሉ። በጥቂት ትምህርት ቤቶች ሞክረው ውጤቱን ይንገሩን።

3ኛ፦ ከ5ኛ ክፍል በላይ ጥቂት ይሰጥ፣ የተሰጠው ይታረም፣ የታረመው ለተማሪው ይመለስ። ሰባ ደብተር ማረም ካልተቻለ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይሰጥና ጠዋት በጋራ ሰሌዳ ላይ ይሠራ።

4ኛ፦ ቤት ተሠርቶ የመጣ ማርክ አይያዝበት። ምዘና ክፍል ውስጥ፣ ልጁ ብቻውን፣ መምህሩ ፊት ይሁን።

5ኛ፦ በቤት ሥራ ምክንያት ማስወጣት፣ ማንበርከክ፣ መግረፍ ይቁም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ከደነገገ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ከክፍል ማስወጣት ደግሞ ትምህርት ፈልጎ የመጣን ልጅ ትምህርት መከልከል ነው።

6ኛ፦ ፕሪንት፣ ካርቶን፣ ቀለም የሚያስገዛ «ፕሮጀክት» ለማንም ልጅ አይሰጥ። የሚያስፈልግ ከሆነ ዕቃውን ትምህርት ቤቱ ያቅርብ።

ከእነዚህ ውስጥ አዲስ ሕንፃ የሚፈልግ የለም። ለጥናት ሰዓቱ ትንሽ አበል ሊያስፈልግ ይችላል። የቀሩት ውሳኔ ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ ያውም አንድ ርዕሰ መምህር ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ተቀምጦ ሊወስነው የሚችል።

ወላጆች፣ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ስለ መዋጮው ካወራችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ። «ባለፈው ወር ልጄ የሠራውን የቤት ሥራ ማን አርሞት፣ ስህተቱን ማን አሳየው?» በሉ። መልስ ካለ እሰየው፣ ይቀጥል። መልስ ከሌለ ግን ያ ሁሉ ማታ የባከነው ለምን እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ።

የእህቴን ልጅ ደብተሩ ከመጣ በኋላ አንዱን ዓረፍተ ነገር «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብዬ ጠየቅኳት። አላወቀችም። «አንተ ነህ የነገርከኝ» አለችኝ። በነጋታው ከሰዓት፣ በብርሃን፣ ከጎረቤቷ ልጅ ጋር ደጃፍ ላይ አስቀምጬ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ አስረዳኋቸው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ከክፍል የተባረረችው ቀድማ ገባት።

ሐሳባችሁን አስተያየት መስጫው ላይ አስፍሩ። መምህራን ካላችሁ በተለይ እናንተን መስማት እፈልጋለሁ፤ ከተሳሳትኩ አርሙኝ።

ቸር እንሰንብት።